የአረጋውያን መጦሪያ

የአረጋውያን መጦሪያ ጧሪ የሌላቸው ወይም ቤተሰባቸው በቤት ሊያስታምማቸው ያልቻለ አረጋውያን በቋሚነት የሚኖሩበት፣ ምግብ፣ መኝታ፣ ንጽሕናና ሕክምና የሚያገኙበት ተቋም ነው። በልማድ መጦሪያ ቤት፣ መርጃ ማዕከል ወይም የአረጋውያን ማዕከል እየተባለም ይጠራል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታወቁት መጦሪያዎች በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና በሃይማኖት ተቋማት የሚተዳደሩ ሲሆኑ ከአረጋውያን ጋር የአእምሮ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን የሚይዙም አሉ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን መጦር ዛሬም በዋናነት የቤተሰብ ሥራ ነው። በተቋም ውስጥ ደመወዝተኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ የሚሠራውን እዚያ ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም የልጅ ልጅ ትሠራዋለች።

ተቋምም ሆነ ቤት፣ የእንክብካቤው ጥራት ከሕንፃውና ከአልጋው ይልቅ የሚያያዘው ከሚያስታምመው ሰው ጉልበት፣ ዕረፍትና መንፈስ ጋር ነው። ስለ መጦሪያዎች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የተጧሪው ቁጥር ስለሆነ ይህ ጉዳይ በአብዛኛው ወደ ጎን ይቀራል።

ስያሜው

መጦሪያ የሚለው ቃል የመጣው ጦረ ከሚለው ግሥ ነው። ጦረ ማለት አቅመ ደካማን በተለይም ወላጅን እስከ ዕለተ ሞቱ አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። ጡረታ የሚለውም ከዚሁ ግሥ የወጣ ስለሆነ በመሠረቱ የሚያመለክተው ከሥራ መገለልን ሳይሆን መጦርን ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ሁለቱን ግዴታዎች በአንድ ሰው ላይ ያሳርፋል፤ የጦረ ሰው ይቀብራል፣ የሚቀብርም አስቀድሞ ሊጦር ይገባዋል።

ከጧሪ ጋር የሚቀራረበው ቃል አስታማሚ ነው። አስታማሚ በሕመም ጊዜ አጠገብ የሚቀመጥ ሲሆን ሕመምተኛው ሲድን ወይም ሲሞት ሥራው ያበቃል። የጧሪ ሥራ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ መቼ እንደሚያልቅም አይታወቅም። ተንከባካቢ የሚለው ቃል በዚህ ትርጉሙ አዲስ ነው፤ ከጤና ተቋማትና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች የጽሑፍ አማርኛ የመጣ ሲሆን የዝምድና ትስስር የሌለውን ሠራተኛም ያጠቃልላል።

ጧሪነት በምዕራብ ጎጃም

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ምዕራብ ጎጃም ዞን 2,106,596 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ከመቶው ዘጠኝ የማይሞሉት ብቻ በከተማ ይኖሩ ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም 25,913፣ ቡሬ ደግሞ 20,410 ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ከተሞቹ አድገዋል፤ የዞኑ ሰሜናዊ ክፍልም ሰሜን ጎጃም ተብሎ ተለይቷል። ያም ሆኖ የአካባቢው አረጋዊ በአብዛኛው ገበሬ ነው። የጡረታ አበል የሚያገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ስለሆነ ገበሬውን አይመለከተውም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር አቅመ ደካሞችን ያለ ሥራ የሚደግፍበት ክፍል ቢኖረውም የተዘረጋው የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ በብዛት የሚያመርተው ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች ተብሎ ስለሚመደብ በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ነው። ትርፍ አምራች በሆነ ወረዳ ግን ማረስ ያልቻለ ሰው የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ የሚቀረው ቤተሰብ ነው። ከተለመዱት መንገዶች አንዱ የልጅ ልጅን ለአያት መስጠት ነው። ልጅቷ ወይም ልጁ ከአያት ጋር እየኖሩ ውኃ ይቀዳሉ፣ እሳት ያነድዳሉ፣ ሌሊት ይነሣሉ፤ በለውጡ አያት ያሳድጓቸዋል። መሬትም በጧሪነት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አረጋዊው መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ ይሰጣል፤ የጦረውን ሰው ደግሞ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ሊያስብ ይችላል። ጧሪው ማን እንደነበረ ከሞት በኋላ ወንድማማቾችን የሚያካስሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያስታመመችው ብዙ ጊዜ ምራት ሆና ስሙ የሚነሣው የባሏ መሆኑ ደግሞ የተለመደ ነው።

ከቤተሰብ ውጭ ያለው የቆየ መጠጊያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን የዳሩ እናቶች ቆብ ደፍተው እማሆይ ተብለው በደብር አጠገብ በትንሽ ጎጆ መኖራቸው በጎጃም የታወቀ ነው። ለመንፈሳዊ ሕይወት ብለው የሚያደርጉት ቢሆንም በተግባር አረጋውያን ሴቶች እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ሰፈር ይፈጥራል፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ እሳት ታነድድላታለች። በአብነት ትምህርት ቤቶችም ያረጁና ዓይናቸው የደከመ የኔታን መርተው የሚያደርሱ፣ እንጨትና ውኃ የሚያመጡ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይወድቅም፤ ተራ አለው። በቤተሰብ ቤት ግን ተራ የሚባል ነገር አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚገኘው።

የቤት ውስጥ ጧሪ የምትጨነቅበት ወቅት አለ። በሐምሌና በነሐሴ አረም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ይውላል። ከአልጋ የማይነሱ አባት ከሕፃን ጋር ይቀራሉ ወይም በር ተዘግቶባቸው ይውላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ፣ ለቀን ሥራ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ፣ ሴቶቹም ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ የቤት አያያዝና የእንክብካቤ ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። በዚህ የተነሣ ሽማግሌን እንዴት ማንሣትና ማጠብ እንደሚገባ በሥርዓት የተማረችው የመንደሩ ልጅ ዕውቀቷን የምታውለው ቤሩት ወይም ሪያድ ባለ ቤት ሲሆን አያቷን የምታጥበው ምንም ሥልጠና ያላገኘች ታናሽ እኅቷ ናት።

ሕመም ሲጠና መንደሩ ይረዳል። ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተቀባብሎ ወደ መኪና መንገድ ማድረስ የጎረቤት ግዴታ ነው፤ እድርም ይህን ያስተባብራል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሆስፒታል ከተገባ በኋላ ግን ነርሶቹ መድኃኒቱን ይሰጣሉ እንጂ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥና ሽንት ቤት መውሰድ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ሁሉ በአብዛኛው የአስታማሚው ድርሻ ነው። አስታማሚ የሌለው አረጋዊ በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም። ብዙዎቹ ወደ መጦሪያ የሚገቡትም እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

መጦሪያ ቤቶች በኢትዮጵያ

በሰፊው የሚታወቀው የአገር ውስጥ መጦሪያ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። የመሠረተው ቢንያም በለጠ ሲሆን ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ በወላጆቹ ቤት ጥቂት ሰዎችን ከመንገድ በማንሣት ነበር። ማዕከሉ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም ቅርንጫፎች ከፍቷል። መርሑ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። ይህ መርሕ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችንና ለጋሾችን ወደ ማዕከሉ ስቧል። ካገገሙ በኋላ እዚያው ቀርተው ሌሎችን የሚያገለግሉም አሉ። ለመጀመር ሰው መሆን በቂ መሆኑ እውነት ነው። ለዓመታት ለመቀጠል ግን ዕረፍት፣ ጓንት፣ ተረኛና ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ማንኛውም መጦሪያ እያደገ ሲሄድ የሚገጥመው ጥያቄም ይኸው ነው።

የእናት ቴሬዛ የምጽዋት እኅቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በተለያዩ ከተሞችም ለሕሙማንና ለደካሞች ቤቶች ከፍቷል። ከእኅቶቹ አሠራር ውስጥ ከርዕሱ ጋር የሚያያዘው የጊዜ አከፋፈላቸው ነው። ቀኑ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ይዘጋል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከተለመደው አገልግሎት ተገልለው የሚጸልዩበትና የሚያርፉበት ነው። ዕረፍቱ በግል ፈቃድ የሚጠየቅ ሳይሆን በማኅበሩ ሥርዓት የተደነገገ ስለሆነ ማንም ሰንፋ ዐረፈች አትባልም።

በጎጃም ወላጅን መጦሪያ ማስገባት እስካሁን እንደ ነውር ይታያል። «ልጅ እያለው ቤት አጥቶ» የሚለው ወሬ የሚነካው አረጋዊውን ብቻ አይደለም፤ መላ ዘሩን ነው። በዚህ የተነሣ ቤተሰብ አቅሙ ካለቀ በኋላም ይዞ ይቆያል፤ አረጋዊው መጦሪያ ሲደርስም ብዙ ጊዜ ከስቶና የመኝታ ቁስል ይዞ ነው። እዚያ የሚቀበለው ሠራተኛ ሥራውን የሚጀምረው ሌላው ደክሞ ከተወው ላይ ነው።

የዕለቱ ሥራ

የመጦሪያ ቤት ሥራ ከሩቅ ሲታይ ማብላትና ማጠብ ይመስላል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተለወጠለት ቆዳው በዳሌው፣ በጭራው አጥንትና በተረከዙ ላይ መቁሰል ይጀምራል። ቁስሉ መጀመሪያ ቀይ ምልክት ብቻ ነው፤ ቸል ከተባለ ግን እስከ አጥንት ይደርሳል። አንድ የሌሊት ተረኛ ሃያ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ካሉባት፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ብቻ ብትሰጥ እንኳ አንዱ ዙር መቶ ደቂቃ ይወስዳል፤ ሃያ ደቂቃ ዐርፋ እንደገና ትጀምራለች። ርኅራኄ የጎደለ የሚመስለው ብዙ ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ የተደበቀ ነው።

ማብላትም ጊዜ ይፈልጋል። ስትሮክ የመታው ወይም የጃጀ ሰው ተጋድሞ ከበላ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣበት ስለሚችል ቀና ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ፣ የጎረሰው መዋጡ እየታየ ነው የሚበላው። አጥሚት፣ ገንፎና የራሰ ፍትፍት ይስማማዋል። የሚቸኩል ሰው ሁለተኛውን ጉርሻ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ያጎርሳል። ጾም ሌላው ጉዳይ ነው። ሕሙማንና ደካሞች ከጾም ነፃ መሆናቸውን ካህናት ቢናገሩም ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ እናት በዓቢይ ጾም ወተት አልጠጣም ሊሉ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክኒናቸውንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊያቆዩ ይችላሉ። ልምድ ያላት ተንከባካቢ አትጣላቸውም፤ የንስሐ አባታቸው እንዲያነጋግሯቸው ታደርጋለች። ለሙስሊም ነዋሪዎችም እርዳቸውና የሶላት ሰዓታቸው የሚከበር መሆን አለበት።

አክብሮት በአማርኛ ከአንቀጹ ይጀምራል። በጎጃም ገጠር ሽማግሌን አንተ ማለት ስድብ ነው። በቤታቸው አያ፣ አባ ወይም እማሆይ ይባሉ የነበሩ ሰዎች መጦሪያ ገብተው በአልጋ ቁጥር ወይም በባዶ ስማቸው ሲጠሩ የሚያጡት ነገር በምግብ ዝርዝር ላይ አይታይም። ሲገቡ እንዴት መጠራት እንደሚወዱ መጠየቅ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ እንክብካቤ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመርሳት ሕመም ነው። ሕዝቡ መጃጀት ይለዋል። ገበሬ የነበሩ አባት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ከብቶቹ እንዳልገቡ ተናግረው ወደ በር ሊሄዱ ይችላሉ። ማምሻ ላይ መረበሽ በዚህ ሕመም በመላው ዓለም የሚታይ ምልክት ሲሆን የሚይዘው መልክ ግን ሰውየው ከኖረበት ሕይወት የተወሰደ ነው። «ከብት የለዎትም፣ ይተኙ» ብሎ መመለስ ጠብ ያስነሣል። «ልጆቹ አስገብተዋቸዋል፣ በረቱም ተዘግቷል» ብሎ እጅ ይዞ ግቢውን አንድ ዙር መዞር ያረጋጋል። እንግሊዛዊው ቶም ኪትዉድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ሥራው የመርሳት ሕመምተኛን እንደ ሰው የመያዝን ትርጉም ሲያብራራ ጨምሮ የተናገረው ነገር አለ፤ ራሱ እንደ ሰው የማይያዝ ሠራተኛ ሌላውን እንደ ሰው ሊይዝ አይችልም። ያንኑ የከብት ጥያቄ በአንድ ምሽት አሥር ጊዜ በትዕግሥት መመለስ የሚችለው የተኛና የበላ ሰው ነው።

የተንከባካቢው ድካም

የተንከባካቢ ድካም ሁለት ነው። አንደኛው የአካል ነው። ሰውን ለብቻ ማንሣት ወገብን ይጎዳል፤ ሁለት ሆኖ በአንሶላ መሳብና ጉልበት አጥፎ ማንሣት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። እከክ፣ ሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ ከሥራው ጋር የሚመጡ አደጋዎች ናቸው። ለሄፓታይተስ ቢ በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዙር የሚሰጥ ክትባት አለ። ጓንትና ሳሙና ባለቁበት ቀን የሚገመተው ነዋሪው እንደሚጎዳ ነው፤ ጉዳቱን በመጀመሪያ የምትወስደው ግን አጣቢዋ ናት።

ሁለተኛው ድካም በሳይንሱ ስም ካገኘ ብዙ ጊዜው አይደለም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ ነፃ ክሊኒኮች የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችን ተመልክቶ ሰውን በመርዳት ሥራ ላይ የሚመጣውን መንፈሳዊ መዛል ገለጸ። ክሪስቲና ማስላክ መለኪያ አዘጋጀችለት። የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ በሽታ ሳይሆን ከሥራ የሚመነጭ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራውን በልብ መራቅ ወይም መጥላት፣ ለውጥ አላመጣም የሚል ስሜት። ሁለተኛው ምልክት በመጦሪያ ቤት ውስጥ ጭካኔ መስሎ ይታያል። ነዋሪውን ሳታይ የምታጥብ፣ ጥያቄውን ሰምታ እንዳልሰማች የምታልፍ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ከሁሉ ይልቅ የምትራራ የነበረች ናት።

በምዕራብ ጎጃም ቤት ይኸው ድካም መልኩ ሌላ ነው። ጧሪዋ «ሰለቸኝ» ማለት አትችልም፤ እናትን መሰልቸት ኃጢአትም ነውርም ነው። ስለዚህ ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣ ልቤ ይመታል ትላለች። በጤና ጣቢያ የሚታከመውም ወገቧ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ቢሄዱም ሥራቸው በዋናነት በእናቶች፣ በሕፃናትና በንጽሕና ላይ ያተኮረ ስለሆነ ጧሪዋን ስለ ራሷ የሚጠይቃት ሰው አይኖርም።

ኢዛቤል ሜንዚስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው ጥናት የለንደን ነርሶች ከጭንቀት ለመዳን ሥራቸውን እንዴት እንደሚከፋፍሉ አሳይታለች። አንዷ የሁሉንም ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ ለሁሉም ምግብ ታድላለች፤ ማንም ከማንም ሕመምተኛ ጋር አይቀራረብም። አሠራሩ ከሐዘን የሚከላከል ቢመስልም ነርሶቹን ከሥራቸው ደስታ ስላራቃቸው ብዙዎቹ ሥልጠናውን ትተው ሄዱ። ተንከባካቢ ጥቂት ነዋሪዎችን በስም ይዛ እንድትቀጥል ማድረግ ብዙ መጦሪያዎች የመረጡት ከዚህ ተቃራኒ የሆነው መንገድ ነው። ከነዋሪው ጋር መላመድ ሲሞት ያሳዝናል፤ ግን ሲስቅም ያስደስታል።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተካሄደው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱን «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት አድርጎት ነበር። ቃሎቹ በሥልጠናና በስብሰባ ተደጋግመው ተሰሙ። ከ2013 ዓ.ም. በጀመረው ሁለተኛው ዕቅድ አጀንዳው ተቀይሮ ተነሣሽነት ያለው፣ ብቁና ርኅሩኅ ባለሙያ የሚል ሆነ። የቃላቱ ቅደም ተከተል ልብ ይባላል፤ የባለሙያው ተነሣሽነት ከርኅራኄው በፊት ተጠቀሰ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የጤና ባለሙያዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ያነሷቸው ጥያቄዎችም ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ መኖሪያ ቤትና ለራሳቸው የሚሆን የሕክምና ሽፋን ነበሩ።

በምዕራብ ጎጃም በዚህ ላይ ጦርነት ተጨምሯል። በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጭ ለዜና ወኪሎች ተናግሯል። ቁስለኞቹን የተቀበሉት ነርሶችና ጽዳት ሠራተኞች የዚያችው ከተማ ነዋሪዎች፣ የተጎጂዎቹም ጎረቤቶች ናቸው። መንገድ ሲዘጋ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ወደ ገጠር አይደርስም፤ ርቆ የሄደ ልጅ የሚልከው ገንዘብም ይዘገያል። ወላጅ የሚጦር ሰው ሸሽቶ መሄድ አለመቻሉ ደግሞ የግጭት ዘገባዎች እምብዛም የማይነኩት ነገር ነው።

የሕግ ሁኔታ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚደግፍ ይደነግጋል። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል። ልጁን በቀለብ የሚከስ አባት ግን ብዙ የለም፤ ክሱ ከረሃቡ የበለጠ ያሳፍራል።

ተንከባካቢውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛው በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ በመጀመሪያው ዓመትም 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ይኸው አዋጅ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያለው የሥራ ግንኙነት ከአዋጁ ውጭ እንዲሆን በደንብ ሊወስን እንደሚችል ይገልጻል። በሰው ቤት ተቀጥራ አረጋዊ የምትጦር ሠራተኛ ሁኔታም በራሱ ደንብ እንዲወሰን የተተወ ነው። በጎ ፈቃደኛውና የቤተሰብ ጧሪዋ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሠራተኛ አይባሉም።

የበጎ አድራጎት ሕጉም በተዘዋዋሪ ተንከባካቢውን ነክቷል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ድርጅቶች ከወጪያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ማዋል አይችሉም ነበር፤ የሥልጠናና የጉዞ ወጪም በአስተዳደር ይታሰብ ስለነበር ሠራተኛን ማሠልጠን የሚያስጠይቅ ሆኖ ቆየ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም የአስተዳደር ወጪን ትርጉም ስላጠበበው ከዓላማው ጋር የተያያዘ ሥልጠና ከዚያ ውጭ ሆኗል። የለጋሹ ልማድ ግን ከሕጉ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ለብርድ ልብስና ለዳይፐር የሚሰጥ ሰው ይገኛል፤ ለሌሊት ተረኛ ደመወዝ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው።

ሞትና ሐዘን

በመጦሪያ ቤት ሞት የሥራው ክፍል ነው። በመንደር አንድ አረጋዊ ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ እድር ይወጣል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ የጦረችውን ሴት ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል፣ የድካሟም ዋጋ በሕዝብ ፊት የሚነገርላት በዚያ ቀን ነው። በመጦሪያ ቤት የሞተው ሰው ዘመድ ላይገኝ ይችላል። ለሁለት ዓመት ያጎረሰችው ተንከባካቢ ገንዛ ታስረክባለች፤ አንሶላው ይቀየራል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ሌላ ሰው አልጋውን ይይዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው የሦስት የሥራ ቀን የሐዘን ፈቃድ ለትዳር ጓደኛና ለቅርብ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሞት ስለሆነ እርሷን አይመለከታትም።

በሌሎች አገሮች ለዚህ የተለያየ መላ ተዘርግቷል። ከአሜሪካ የጀመረው የሽዋርትዝ ዙር የሚባለው ስብሰባ በሳንባ ካንሰር ታሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በሞተው የቦስተን ጠበቃ ኬኔት ሽዋርትዝ ስም የተጠራ ነው። በስብሰባው ሐኪሙም ጽዳት ሠራተኛዋም እኩል ተቀምጠው ስለ ሕክምናው ሳይሆን ሥራው በልባቸው ስለጣለው ነገር ይነጋገራሉ፤ መፍትሔ ማቅረብም አይጠበቅባቸውም። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሟቹ ማውራትና በሦስተኛው ቀን ሳልስት ብሎ መሰባሰብ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። የቀን ተረኛዋ ለሌሊት ተረኛዋ ስትለቅ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ የሞቱት እናት እንዴት ይስቁ እንደነበር የሚነሣ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓትና ያን ግማሽ ሰዓት ከሥራ ሰዓት የሚቆጥር ኃላፊ ነው። አርባቸው ሲደርስም ነዋሪዎቹና ሠራተኞቹ አብረው ዝክር ሊያወጡ ይችላሉ። ስማቸው በቤተ ክርስቲያን ሲጠራ ከቤተሰብ ቦታ የምትቆመው ያስታመመቻቸው ናት።